ሦስት ማዳበሪያ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በመንገድ ሥራ ላይ፣
ምድርን ስደፍን ኖርኩ፤ ጠጠር ከታች፣ ሬንጅ ከላይ።
ጡረታ ስወጣም እጄ አላርፍ ብሎ፣
የገዛ ግቢዬን ደፈነው በቶሎ።
ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ከቀበና መውረጃ፣
ጭቃ የማያውቀው፣ በካልሲ መሄጃ።

ፊት ለፊቴ ግን፣ የእትዬ ሙላቷ፣
ጫካ ነበር ቤቷ።
ማለዳ ወጣ ብላ፣ ጆንያ አንጠልጥላ፣
ይዛ ትመጣለች የሰፈሩን አተላ፦
ከጫት ቤቱ ገረባ፣ ከአናጢው ሰጋቱራ፣
ከጁስ ቤቱ ልጣጭ፣ አቮካዶ ከማንጎ ጋራ፣
ከፀጉር ቤቱ እንኳ የተቆረጠ ፀጉር።
«ምን ሊሆን ነው?» ስላት፣ «ቀለብ ነው፣ ለአፈር።»
ክምሩን በመንሽ ስትገለብጠው በሐምሌ ማለዳ፣
እንፋሎቱ ይወጣል፣ ልክ እንደ አራስ ጓዳ።

እኔ እስቅ ነበር።
ጎመን ከአሪቲ ጋር፣ ቃሪያ ከበሶብላ፣
አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ ክሽክሽ እንዳይበላ።
ከሁሉ የገረመኝ የደረቅ ሣር ጉዝጓዝ፤
«ምን ድግስ አለ፣» አልኩ፣ «ሙሽራ ከነጓዝ?»
«ትል ነው እንግዳዬ፤ ፀሐይ አይወድም፣ ያፍራል፤
ጥላ ካነጠፉለት፣ ሌሊት ሲሠራ ያድራል።»

ሰኔ ግም ሲል፣ ሲወርድ ዶፉ፣
የኔ ግቢ ጎርፉ
በብረት በሬ ሥር ኮረኮንቹን ጥሶ፣
ይገባል ቀበና፣ ፌስታል አግበስብሶ።
የእሷ ግቢ ግን ዝም።
ይጠጣል። ይጠጣል። ጠብታ አያስተርፍም።
በጥር፣ ቧንቧው ደርቆ፣ ጀሪካን ሲሰለፍ፣
የእሷ ቆስጣ በሣህን እጣቢ ወሩን ሲያሳልፍ፣
እኔ ሲሚንቶዬን እጠርግ ነበር።

አምና በመስከረም ወረቀቱ መጣ።
ቤቷ ለመንገድ ተፈለገ።
መንገድ። እኔ የማውቀው። እኔ የለመድኩት።
ስንቱን ጓሮ በእርሳስ፣ በአንድ መስመር ያጠፋሁት።
ዕድሏ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ጓሮው ባልኮኒ፣ መሬቱ ሰማይ።

ዕቃዋ ሲጫን አየሁ፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ድስት።
እሷ ግን ጓሮ ነበረች፣ በአካፋ ስትሞላ ሦስት፣
ሦስት ማዳበሪያ።

ከሰል ቢይዝ፣ ስኳር፣ ወይ የአሮጌ ጫማ ጥርቅም፣
ከረጢቱን ማዳበሪያ እንላለን፤ ለምን ብለን አንጠይቅም።
ያን ቀን ግን ስሙን አገኘ።

«አፈር ስሆን፣» አለች፣ «እነዚህን ውሰድልኝ።
የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቴ ነው፤ እዚያ ፎቅ አይገባልኝ።»
አነሳሁት። ለወገቤ ፈርቼ ነበር፤ ግን ቀለለ።
ጥቁር፣ ፍርክስ ያለ፣ ዝናብ ዝናብ ያለ።
«አፈሩ ይቅለለው» ስንል ለሙት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ በቁሙም ሰው ያቀልላል አፈር።

ግን የት ላስተኛው?
ግቢዬ ሁሉ ድንጋይ፤ ስንዝር ቦታ የለው።
ሦስቱ ማዳበሪያ በረንዳዬ ላይ ሰነበቱ፤
ከአንዱ አፍ ዱባ ወጣ፣ ማንም ሳይዘራው፣ በሌሊቱ።

ከብየዳ ቤቱ፣ ከሸምሱ፣ መዶሻ ተዋስኩ፤
በስድሳ አራት ዓመቴ የገዛ ሥራዬን አፈረስኩ።
የሰፈር ውሻ ሁሉ ጮኸብኝ።
ከሥሩ የወጣው መሬት ገርጥቶ፣ ጠረን አልነበረው፣
በጀሶ ታስሮ እንደ ከረመ ክንድ፣ ቆዳው የሞተ የመሰለው።
የእሷን አፈር በላዩ፣ በእጄ፣ ሳሳ አድርጌ፣
ገለባ ጎዘጎዝኩ፤ ድግስ የለኝም፣ እንግዳ ግን ፈልጌ።

ሰኞ ደወለች፦ «ትሎቼ እንዴት ናቸው?»
«ያፍራሉ አሁንም፤ ገና አልለመድኳቸው።»

ትናንት ማታ ዘነበ።
በልማዴ በካልሲ ወጣሁ፣ በሩን ልከፍት ለጎርፉ፤
ጎርፍ የለም። አፈሩ ይጠጣል፣ በሺህ ትንንሽ አፉ።
ካልሲዬ ጭቃ ሆነ።
አላወለቅሁትም።